ቀማሿ የቀመሰችው አጥንት

የወንድሜን ሚስት የሥራ ባልደረቦቿ «ቀማሿ» ይሏታል። እናቴ ስሙን ስትሰማ ምግብ ሲሠራ ድስት እየከፈተች ስለምትቀምስ ይመስላታል፤ እኛም እንዲመስላት ትተናታል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሥራዋ ከመሬት የወጣ የጥንት አጥንት ማጽዳት ነው። በሙዚየሙ ምድር ቤት፣ ማጉያ መነጽር ግንባሯ ላይ አስራ፣ በመርፌና በብሩሽ ከአጥንት ላይ ድንጋይ ስትለቅም ትውላለች። ታዲያ እጇ የገባው ነገር ድንጋይ ይሁን አጥንት ዓይኗ ከተጠራጠረ የምላሷን ጫፍ ታስነካዋለች። ድንጋይ ከሆነ ምላስ ላይ ያንሸራትታል። ዘመን ያደረቀው አጥንት ከሆነ ግን ውስጡ ቀዳዳ በቀዳዳ ነውና ምራቁን መጥጦ ልጥፍ ይላል። በቅርብ የሞተ ፍጥረት አጥንት ደግሞ ቅባቱ ገና ስላለ እንደዚያ አይለጠፍም። የተማሩት አለቆቿም እንዲሁ ነው የሚያደርጉት አለችኝ።

እኔ መጀመሪያ ስሰማ አስጠላኝ፤ ምን እደብቃለሁ። ከሥራ ስትመለስ ጉንጬን እንዳትስመኝ ወደ ጓዳ እሸሽ ነበር። «ዛሬ ደግሞ የየትኛውን አውሬ እግር ስትልሺ ዋልሽ?» እላታለሁ፣ ገና ቦርሳዋን ሳትሰቅል። እሷ እቴ፣ አትቆጣም። «የዛሬውስ ጨው ጎድሎታል» ብላ ታልፋለች። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪናዬ ጋር አፌን ዘግቼ ስለምውል፣ ሰው ሲገባ ምላሴ አያርፍም። እሷ ደግሞ ብትቆነጥጣት እንኳ ድምፅ የማታወጣ ሴት ናት። ከወንድሜ በኋላ ጭራሽ ዝምታዋ ባሰ።

ወንድሜ ከከተማው ጀርባ ባለው የድንጋይ ካባ ነበር የሚሠራው፤ ነጩን ድንጋይ ከገደሉ ላይ እየፈለጡ ለግንብ የሚያወርዱበት ቦታ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ገደሉ ተናደ። ሌሎቹ ለምሳ ወጥተው ነበር፤ እሱ ኮቱን ረስቶ ተመልሶ ገባ። ቆፈሩ፣ ማሽን አመጡ፣ እንደገና ቆፈሩ። ከላይ የቀረው ድንጋይም መንሸራተት ሲጀምር ሌላ ሰው እንዳይሞት ብለው አቆሙ። የእሱ የሆነ አንዲት ነገር አልወጣችም።

ከዚያ ወዲህ የካባው ሠራተኞች የራሳቸው ሕግ አላቸው፤ ማን እንዳወጣው እንጃ። ከዚያ ገደል አጥንት የሚመስል ነገር ከወጣ ሥራ ይቆማል። ማንም አይናገርም፤ ማንም ነገሩን አገላብጦ አያይም። ካቦው በኮቱ ጠቅልሎ፣ መንገድ ላይ ለማንም ሰላምታ ሳይሰጥ፣ በቀጥታ ወደ እኛ ቤት ያመጣዋል። ከእናት ዓይን በፊት የማንም ዓይን ሊያርፍበት አይገባም ነው የሚሉት። ደጎች ናቸው፤ ደግነታቸው ግን ጨረሰን። አንድ ጊዜ የፍየል መንጋጋ መጣ። ሌላ ጊዜ የደረቀ የዛፍ ሥር። በየጊዜው እናቴ ልቧ ቀጥ ይላል፤ ምራቷ እስክትመጣ ውሃ በአፏ አይዞርም። ምራቷ ገብታ ታየውና «የፍየል ነው እማማ» ስትል እናቴ ትተነፍሳለች፤ ትንፋሿ የደስታ ይሁን የሐዘን አልለይልሽ ብሎኝ ኖሯል።

ሌላም ነገር ነበር። እናቴ በኮሪደሩ የእግር ኮቴ እሰማለሁ ትላለች። ፀሐይ ዘንበል ስትል፣ ከውጭው በር እስከ ወንድሜ ክፍል ድረስ፤ አንዱ እግር ይረግጣል፣ አንዱ ይጎተታል። ወንድሜ ልጅ ሳለ ከጣሪያ ወድቆ ግራ እግሩ ተሰብሮ ስለነበር፣ ሲደክመው ይጎትተው ነበር። «ቧንቧ ነው እማዬ፣ ውሃ ሲመጣ ይንኳኳል» እላታለሁ። ከዚያ ለብዙ ቀን ውሃ የጠፋ ሰሞን፣ ቀሚስ እየቀደድኩ ሳለ፣ እኔም ሰማሁት። መጎተቱን ሰማሁ፤ በወንድሜ ክፍል በር ላይ ሲቆም ሰማሁ። መቀሴ እንደተከፈተ እጄ ላይ ቀረ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ ለአንድ ቤት አንድ የሚሰማ ሰው ይበቃል ብዬ።

አሁን ስለ ጀሶ ሠሪው ልንገራችሁ። እሷ ያጸዳችውን አጥንት ቅጂ በጀሶ የሚያወጣ፣ ቀለም ቀብቶ ከእውነተኛው የማይለይ የሚያደርግ ሰው ነው፤ ሚስቱ ሞታበት ብቻውን የሚኖር። እጁ ሁልጊዜ ነጭ ነው፤ ሲያወራ መሬት መሬት ያያል። ሌላ ከተማ ሥራ አገኘና ወሩ ሲያልቅ ሊሄድ ሆነ፤ እንሂድ፣ እንጋባ አላት። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት። እኔ ከደስታዬ ብዛት ልብሷን ልሸክፍላት ደርሼ ነበር። ገና ወጣት ናት፤ በዚህ ቤት የአሮጊት ምርኩዝ ሆና ትድረቅ? እሷ ግን «ሳይቀበር እንዴት ብዬ?» አለችኝ። እናቴም ምንም ነገር ካልተቀበረ ልጇ አለ ባይ ናት፤ በእሷ ፊት «ሞተ» የሚል ቃል አይነሳም። «ላም አለኝ በሰማይ ነው የእናንተ ነገር!» አልኳት። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር በአንድ አጥንት ላይ እንደተንጠለጠለ ገባኝ። አጥንት ከተገኘ እናቴ ታርፋለች፣ እሷ ትሄዳለች፣ እኔም ያንን ኮቴ ሳልሰማ ልብሴን እሰፋለሁ።

በዚያው ሳምንት ካቦው መጣ።

እሷ ገና ከሥራ መግባቷ ነበር፤ ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ ነው። ካቦው ኮቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና ወደ ኋላ ሸሸት አለ። ከመዳፌ ትንሽ የሚረዝም ቡናማ ነገር ነው። አንደኛው ጫፉ እንደ አንጓ ክብ፣ ሌላው ጫፉ የተሰበረ፤ መሃሉ ላይ እብጠት አለው። እናቴ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ቀማሿ አነሳችውና ወደ መስኮቱ ዞረች። ከዚያ ቀስ አድርጋ ወደ አፏ አስጠጋችው።

እኔ የምታደርገውን አውቃለሁ። ካቦው ግን ምን ይወቅ? ባርኔጣውን አወለቀ። እናቴስ ምን ትወቅ? ከኋላዋ ሆነው ያዩት ምላሷን አይደለም፤ አጎንብሳ ከንፈሯን ስታስነካ ነው ያዩት። ሚስት የባሏን አጥንት ሳመች፤ ለእነሱ ከዚህ በላይ ምስክር የለም። እናቴ ያለ ድምፅ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ካቦው «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ ወጣ፤ ጀንበር ሳትጠልቅ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

አስተባብይ እንጂ ብዬ ዓይኗን ብፈልግ ዓይኗ የለም። ጓዳ ተከትያት ገባሁና «ተለጠፈ?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ላጽዳው። ትንሽ ቀን ስጡኝ» አለች።

ማን ይሰጣታል? ጎረቤት ወንበር ተሸክሞ መጣ፤ ቀብሩ ለቅዳሜ ተቆረጠ። እናቴ አጥንቱን ስትዳስስ ያችን እብጠት አገኘቻት። «ይቺ የጣሪያዋ ናት» አለች። «ወጌሻው ሲጠግናት ያበጠች ናት። በእጄ ያሸኋት ናት።» ጣቷን ከእብጠቷ ላይ ማንሳት አቃታት። የወንድሜን አልጋ አንጥፋ አጥንቱን ትራሱ ላይ አስቀመጠችው፤ ብርድ ልብሱንም እስከ ግማሹ ሳበችለት። እኔ በዚያ በር ሳልፍ ፊቴን አዙሬ ነበር የማልፈው። ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮቴው ጠፋ። ፀሐይ ዘንበል ትላለች፣ እኔ መኪናዬን አቁሜ ጆሮዬን እጥላለሁ፤ ምንም የለም። «አየሽ፣ ገብቷላ» አለችኝ እናቴ፣ ጆሮዬን ስጥል አይታኝ። ክው አልኩ።

ቀማሿ ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ ምግብ በምንበላበት ጠረጴዛ ላይ፣ መስኮቱ አጠገብ፣ ማጽዳት ጀመረች። እናቴ ከፊቷ ወንበር ስባ ትቀመጣለች። በሁለተኛው ቀን የወንድሜን ግራ ጫማ አምጥታ ከአጥንቱ ጎን አኖረችው። የመርፌው ድምፅ ክርክር ይላል፣ ክርክር ይላል፤ አንዳንዴ እናቴ «ቀስ በይ ልጄ፣ እዚያ ጋ ያመው ነበር» ትላለች። ምራቷም «እሺ እማማ» ብላ መርፌዋን ታነሳና ሌላ ቦታ ታሳርፋለች። እኔ ቁልፍ መትከል አቅቶኝ ጣቴን ስወጋ ዋልኩ። ለመጮህም ለመሳቅም የማይመች ነገር ነው፤ ቤቱ ውስጥ ሁለት ጤነኛ ሰዎች አንድ አጥንት እያስታመሙ ነው።

ረቡዕ ማታ እናቴ ወንበሯ ላይ እንቅልፍ ሲወስዳት መርፌው ወደ እብጠቷ ሄደ። በበሩ በኩል አያት ነበር። እብጠቷ ትንሽ ትንሽ እያለች ተፈረፈረች፤ ዝገት የመሰለ ጭቃ ነበረች፣ ከሥሯ ያለው አጥንት ልስልስ ያለ፣ ስብራት የማያውቅ። ቀማሿ መርፌዋን አኖረች። ከዚያ ያደረገችውን እስከ ዛሬ ሳስበው ሰውነቴን ይወረኛል። ጠረጴዛው ላይ የወደቀውን ፍርፋሪ በጣቷ ጫፍ ለቃቅማ መልሳ ቦታው ላይ ጫነችው። አልያዘላትም። ደግማ ሞከረች።

ሐሙስ ዕለት አጥንቱን በጨርቅ ጠቅልላ ወደ ሙዚየሙ ወሰደችው። እናቴ አላየችም፤ ተኝታ ነበር። ከሰዓት በኋላ የውጭው በር ሳይከፈት ኮቴው ገባ። ረገጠ፣ ተጎተተ፣ ረገጠ፣ ተጎተተ። በዚህ ጊዜ ከወንድሜ ክፍል አልፎ እኔ ወደምሰፋበት በር መጣና ቆመ። እናቴ ከክፍሏ «የት ወሰዳችሁት? ለምን አስወጣችሁት?» እያለች መጣች። ኮሪደሩ ላይ ከእሷ በቀር ማንም የለም። ይህን ስናገር ሰው እንደሚስቅብኝ አውቃለሁ፤ ይሳቅ። ቀማሿ ተመልሳ አጥንቱን በጨርቁ እንደተጠቀለለ ትራሱ ላይ ስታኖረው ቤቱ ጸጥ አለ።

ጓዳ ጎትቼ አስገባኋትና በሩን ዘጋሁ። «ንገሪኝ» አልኳት። «እሱ ነው ወይስ አይደለም?»

«አይደለም» አለች። እጇን ዘርግታ በጣቷ መዳፏ ላይ እየሳለች አስረዳችኝ፤ ድምፅዋ ምድር ቤት እንዳለች ሁሉ ረጋ ያለ ነው። የሰው እግር አጥንት ጫፉ ድቡልቡል ነው፤ የዚህ ግን መሃሉ ላይ ቦይ አለው፣ ገመድ እንደሚዞርበት መዘውር። በግራና በቀኙ ደግሞ ጅማት የሚይዝበት ጎድጓዳ አለ፤ ጭቃው ደፍኖት ነው እንጂ። በተሰበረው በኩል ሲታይ ውስጡ ክፍት ነበር፤ አሁን ብርጭቆ የመሰለ ድንጋይ ሞልቶታል። «ይህ በስድስት ዓመት አይሞላም» አለች። «ሰው በምድር ላይ ሳይኖር የሞላ ነው።» አለቃዋ ዶክተሯ ከሌሎች አጥንቶች ጎን አስተኝታ መርምራዋለች፤ ዳይኖሰር ነው። በሁለት እግሩ የሚሄድ፣ በሦስት ጣት የሚረግጥ፣ ቁመቱ ከወገባችን የማይበልጥ አውሬ። የመሃል ጣቱን ከሚሸከመው አጥንት የታችኛው ግማሽ። ከየትኛው ዘር እንደሆነ ግን ግማሽ አጥንት ብቻውን አይናገርም አለች።

«የየትኛው እግር?» አልኳት። ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም።

መዳፏን ገልብጣ አየች። «የግራ ይመስላል።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«በመጀመሪያው ቀን ተለጥፎ ነበር።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ቀን ምን ታጸጃለሽ?» አልኳት። ደሜ ፈላ። ቢፈላም ግን ድምፄን ዝቅ አድርጌ ለመንኳት፤ እኔ ሰው ለምኜ አላውቅም። ዝም በይ አልኳት። በሞቴ ዝም በይ። ቅዳሜ ይቀበር። ማን ይጎዳል? ያ አውሬ መጥቶ አጥንቴን አምጡ አይል። እናታችን ቀብራ ትረፍ፤ አንቺም ሰው ሆነሽ ኑሪ። ምንም መዋሸት የለብሽም፤ ስመሻል ብለው አምነዋል፣ ዝም ማለት ብቻ ነው። እሷ ወለሉን እያየች ሰማችኝ። ሙዚየሙስ አጥንቱን ይለቃል ወይ ብላት፣ ጀሶ ሠሪው ልኩን ወስዶ ቅጂ ሊሠራ እንደሆነና የሚቀበረው ቅጂው ሊሆን እንደሚችል ነገረችኝ። ሁሉም ነገር ተመቻችቷል ማለት ነው። ሲመቻች ደግሞ የሰው ልጅ እንቢ አይልም ብዬ እፎይ አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ሞላ። የካባው ሠራተኞች ልብሳቸውን አጥበው፣ ባርኔጣቸውን ይዘው በግድግዳው ጥግ ቆሙ። እናቴ ጥቁር ለብሳ፣ ያንን ጫማ ታቅፋ ከፊት ተቀምጣለች። ጀሶ ሠሪው በጓዳው በር ገባና ከቦርሳው የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ለቀማሿ ሰጣት። ስትፈታው አጠገቧ ነበርኩ። ያው አጥንት ነው፤ ቀለሙ፣ ስብራቱ፣ ሁሉ። እብጠቷንም መልሶ ሠርቶላታል። «እናትየው ጣታቸውን የሚያሳርፉበት ይፈልጋሉ ብዬ ነው» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። አንጀቴን በላው። እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል?

ቀማሿ ቅጂውን ረጅም ጊዜ አየችው። አውራ ጣቷን እብጠቷ ላይ አሳርፋ አሸት አደረገችው፤ ልክ እናቴ እንደምታሸው። ከዚያ ጓዳው መደርደሪያ ላይ አስቀምጣው ወጣች። ወደ እናቴ ሄዳ ተንበረከከችና ሁለቱን ጉልበቶቿን ያዘች።

«እማማ፣ እሱ አይደለም» አለች። «አልሳምኩትም። በምላሴ ነው የፈተንኩት፤ ሥራችን እንደዚያ ነው። የአውሬ ነው፤ ሰው ከመፈጠሩ በፊት የኖረ አውሬ። እብጠቷም ጭቃ ነበረች፤ ወልቃለች። ይቅር ይበሉኝ፣ ቶሎ አልነገርኩዎትም።»

ካቦው ዓይኑን ጨፈነ። እኔ እናቴ ትወድቃለች ብዬ ከኋላዋ ቆምኩ።

«እርግጠኛ ነሽ ልጄ?» አለች እናቴ።

«እርግጠኛ ነኝ።»

«የእሱ እግር አይደለም።»

«አይደለም እማማ።»

እናቴ ጫማውን ጭኗ ላይ አገላበጠችው። «እንግዲያው የልጄ እግር ደህና ነው» አለች። እና ፈገግ አለች። ስድስት ዓመት ያላየሁት ፈገግታ ነው፤ ጥርሷ ሳይቀር ታየ። ጥቁሩን ሻሽ ከራሷ ፈታ አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አኖረችና ለሰዉ «ውለታችሁን ይክፈላችሁ፣ ወንበራችሁን ውሰዱ፣ በከንቱ አደከምናችሁ» አለች። የምራቷን ጉንጭ ስማ፣ ጫማውን ልትወለውል ገባች። ሰዉ እርስ በርሱ ሳይተያይ ተበተነ። ጀሶ ሠሪው ቅጂውን ከመደርደሪያው አንስቶ ቦርሳው ውስጥ ከተተ፤ ትንሽ ቆመ፤ «በሉ ደህና ሁኑ» ብሎ ወጣ። የሸኘሁት እኔ ነኝ፤ እሷ ከወጥ ቤቱ አልወጣችም።

ስመለስ የተበደርናቸውን ሳህኖች ታጥባለች። ከኋላዋ ቆሜ ያለኝን ሁሉ አወረድኩባት። ጀሶ ሠሪው ዳግመኛ እንደማይመጣ፣ እናቴ ከእንግዲህ እስክትሞት እንደምትጠብቅ፣ እሷም አብራ እንደምታረጅ፣ ሁሉን ነገርኳት። «አንድ ዝምታ ነበር የተለመንሽው፤ ዝምታ ደግሞ ላንቺ አይከብድሽም! ለምን?» አልኳት። መልሱን የማውቀው መስሎኝ ነበር። አጥንት አይዋሽም፣ ሙያ ነው፣ እውነት ነው ልትለኝ ነው ብዬ የምመልስላትን ስድብ አዘጋጅቼ ነው የጠበቅኳት።

ሳህኑን አለቅልቃ ደገፍ አደረገችው። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ዞረች።

«ሲመጣ ምን እለዋለሁ?» አለችኝ።

ምን እንዳለች አልገባኝም ነበር፤ ደግማ ጠየቀችኝ። «በሕይወት እያለሁ አውሬ ቀብራችሁ አለቀሳችሁብኝ፣ አንቺም ሌላ አገባሽ ቢለኝ፣ ምን ብዬ እመልስለታለሁ?»

ፊቷን አየሁት፤ አልቀለደችም። መልስ የምትጠብቅ ሰው ፊት ነው። ከሞት በኋላ የሚቀር ነገር ምን እንደሚመስል ከእሷ በላይ የሚያውቅ በዚህ ከተማ ጥቂት ሰው ነው፤ በመርፌዋ ስትለቅመው የምትውለው እሱኑ ነው። የተናደውን ገደልም በዓይኗ አይታለች፤ ከሁላችን ቀድማ የደረሰችው እሷ ነበረች። እናቴ ከወንድሜ ክፍል «ልጄ፣ የጫማው ብሩሽ የት ነው?» ብላ ተጣራች፤ እሷም «መጣሁ እማማ» ብላ አልፋኝ ሄደች። በዚያ ቤት ወንድሜ መሞቱን የማውቅ ሰው እኔ ብቻ እንደሆንኩ ያን ጊዜ ገባኝ።